ገመዱ ለማን ነው

አገሩ የት ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ስሙን ብነግራችሁ አንዱ ተነስቶ «የኛን ነው የምታማው» ብሎ ይቆጣኛል፣ ሌላው «የኛ ይብሳል» ብሎ ያቋርጠኛል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ንትርክ አልችልም። ተራራ ላይ የተሰቀለ አንድ አገር ነበር በሉና ልቀጥል።

የዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚኖረው በአንድ መንገድ ዳር ነው። መንገዱ ከተራራው ጫፍ ተነስቶ ቆላ እስካለው ገበያ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ እንዳይወርድ ገደል ነው፤ ስለዚህ ወደ ግራ ይሄድና ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ይሄድና ይታጠፋል። አንዱ እጥፋት ከሌላው በላይ ስለሆነ የላይኛው ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ የታችኛውን ሰው ጣራ ነው የሚያየው። ቀና ብሎ ከበላዩ ያለውን የሚያይ ግን አልነበረም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የአገሩ ጠባይ ነው።

ሰዉ የሚተዳደረው በጋሪ ነው፤ እህል ያወርዳል፣ ጨው ያወጣል። ጋሪ ደግሞ፣ ምን ታደርጉታላችሁ፣ ይወድቃል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ዝናብ ያላላዋል፣ በቅሎም ትደነብራለች። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ተሰብስበው ገመድ ቤት የሚባለውን አቆሙ። ሐሳቡ መልካም ነበር፣ አልዋሽም። ባለጋሪ ሁሉ በየዓመቱ ቃጫ ገምዶ ድርሻውን ለገመድ ቤት ያስገባል። ጋሪ የወደቀ ዕለት ከሁሉም ተቀጥሎ ገመድ ቁልቁል ይለቀቃል፤ የተጎዳው ሰው በቃሬዛ ታስሮ ጫፍ ላይ ወደሚኖረው ወጌሻ ይሳባል። በመንገዱ አዙሮ ማምጣት ቀን ይፈጃል፤ ስብራት ደግሞ ቀን አይሰጥም። ያልወደቀ ሰው ከገመዱ የሚያገኘው የሰላም እንቅልፉን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ጣጣው ያለው ልኩ ላይ ነው። ማን ስንት ክንድ እንደሚገምድ የሚወስነው የልክ አዛዥ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው አዛዥ ደርበው ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትሑት ነው፣ ሲናገር እጁን ያጣምራል፣ ሰው ሲከፋበት አብሮ ይከፋል። በልክ ቀን ከዋርካው ሥር ይቀመጥና ቋጠሮ የበዛበት አሮጌ ገመድ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይጠይቃል። እንዴት ትነዳለህ ብሎ አይጠይቅም እንግዲህ። በየትኛው እጥፋት ትኖራለህ? ነው የሚለው። እጥፋቱ ሰው የወደቀበት ከሆነ፣ የወደቀውን ሰው በዓይንህ አይተኸው ባታውቅም፣ አንድ ቋጠሮ፣ ማለትም የምትገምደው ክንድ፣ ይጨመርብሃል። በቅሎህ ቀይ ከሆነች ትጋልባለች ተብሎ ይጨመራል፤ ጥርሷ ያለቀ፣ እየተደገፈች የምትሄድ ብትሆንም ቀይ ቀይ ናት። ጢምህ ካልወጣ ይጨመራል። ከሸበተም ይጨመራል። «ኧረ እኔ ወድቄ አላውቅም» ያለ ሰው ሲመጣ አዛዡ እጁን ያጣምርና «አንተ አልወደቅህም፤ እንዳንተ ያሉ ግን ወድቀዋል። እኔ አይደለሁም ወንድሜ፣ ልኩ ነው» ይላል።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ደጅህ ቆሞ መንገድ የሚያይልህ ሰው አለ ወይ? የሚጠብቀው ሰው ያለው ተጠንቅቆ ይነዳል፣ የሌለው ግን ደንታ የለውም፣ ነው ነገሩ። ይህን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ብቻውን የኖረ ሰው እንዳልሆነ ግን እኔ እምላለሁ።

እንግዲህ ደብሪቱ የምትባል ሴት በሦስተኛው እጥፋት ትኖር ነበር። ባሏ ጫንያለው ዕድሜ ልኩን ጋሪ ነድቶ አንድ ቀን ሳይወድቅ በንዳድ ሞተባት። ሐዘኗን ሳትጨርስ ጋሪውን ተረከበች፤ ሌላ ምን ታድርግ? ቤቷ ውስጥ የባሏ እናት እማማ ውብአንቺ አሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። አመሻሽ ላይ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የጋሪዋን መንኮራኩር ይጠብቃሉ፤ የደብሪቱ መንኮራኩር ሲዞር ሲጢጥ የሚል የራሱ ድምፅ ነበረው፣ ከሌላ ጋሪ ጋር አያምታቱትም። ድምፁ ሲቀርብ «ደብሪቱ፣ መጣሽ?» ብለው ይጣራሉ። «መጣሁ» ትላቸዋለች። ጫንያለው ከሞተ ወዲህ ሁለቱም የሚኖሩት በዚች ቃል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያው የልክ ቀን ሲደርስ ደብሪቱ ጥቁሯን እንደለበሰች ዋርካው ሥር ቀረበች። አዛዥ ደርበው ከመቀመጫው ተነስቶ ነፍስ ይማር አላት፤ ከልቡ ነው። ከዚያ ተቀመጠና ቋጠሮ መቁጠር ጀመረ። ጫንያለው ለብዙ ዘመን ባለመውደቁ በየዓመቱ ምስጋና ተብሎ የሚቀነስለት ነበር፤ ምስጋናው የሟቹ ነው፣ ለሚስት አይተላለፍም ተባለ። መንገድ የሚያይልዎት ሰውስ አለ? ሲላት አማቷ እንዳሉ ነገረችው፤ እንደሚጠብቋት፣ መንኮራኩሯን ከሩቅ እንደሚለዩት። አዛዡ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሕጉ መንገድ የሚያይ ነው የሚለው እንጂ መንገድ የሚሰማ አይልም፣ እማማ ደግሞ አያዩም አላት። ሦስት ቋጠሮ ጨመረ።

«ባሌን ባጣሁበት ዓመት?» አለች ደብሪቱ።

«እኔ አይደለሁም እመቤቴ፣ ልኩ ነው» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

በዚያ አገር ባለጋሪ ከሁለት ገመድ አንዱን ይመርጣል፤ ጋሪው የወደቀ ዕለት የሚለቀቀው የመረጠው ነው። አጭሩ የኬላ ገመድ ይባላል። የኬላው ዘበኛ እሱን ካላረጋገጠ ጋሪ አያሳልፍም፤ ርዝመቱ ግን ጋሪው ከወደቀበት ቁልቁል ከአንድ እጥፋት አያልፍም። ረጅሙ እስከ ገደሉ ሥር ይደርሳል፣ እሱን የመረጠ ሰው ግን በየዓመቱ የሚገምደው ብዙ ነው። ሰዉ አብዛኛው የኬላውን ይዞ ነው የሚነዳው። ሁሉም የሚያስበው አንድ ዓይነት ነው፦ ጋሪዬ አሮጌ ነው፣ ቢወድቅስ ምን ይጎትቱልኛል? ገመዱን ከራሱ ጋሪ ጋር ነው የሚያመዛዝነው። ጫንያለው ብቻ ድሮም ረጅሙን ነበር የሚወስደው። ደብሪቱ ስንት ጊዜ ተጣልታዋለች መሰላችሁ! ጣቱ እስኪላጥ ቃጫ ሲገምድ እያየች፣ ለዚህች ስብርባሪ ጋሪ ነው ወይ ስትለው «ገመዱ ለእኛ አይደለም» ይላትና ዝም ይላል። እሷም ለገመድ ቤት ነው ማለቱ ነው ብላ ተወችው። ብዙ የማይናገር ሰው ያገባች ሴት የምትገምተው ይበዛል።

ያን ዓመት በአዲሱ ልክ ረጅሙን ልውሰድ ብትል ጋሪ መንዳቱን ትታ ዓመቱን ሙሉ ቃጫ ስትገምድ መዋል ነበረባት። የኬላውን ወሰደች። እማማ የትኛውን እንደወሰደች ጠየቋት፤ ስትነግራቸው አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ደብሪቱ አይታቸዋለች፣ ግን ደክሟት ነበርና አልጠየቀቻቸውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ማለዳ፣ ጨው ጭና ስትመለስ ከቤቷ ሥር ያለው የመንገድ ጠርዝ ውኃ ጠጥቶ ኖሮ ከመንኮራኩሩ ሥር ተናደ። ጠፍሩ ተበጠሰ። በቅሎዋ መንገድ ላይ ቀረች፣ ደብሪቱም ዘላ ወረደች፣ ጋሪው ግን ሄደ። ከሥሯ ያለውን አንደኛውን እጥፋት ነጥሮ አለፈውና ሁለተኛው ላይ ሲያርፍ የሚሰበር ነገር ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ የሰው ጩኸት። ደብሪቱ እዚያ ታች ማን እንደሚኖር እንኳ አታውቅም ነበር። እሸቴ የሚባል ብቻውን የሚኖር ንብ አናቢ ነው አሏት ጎረቤቶቿ፤ ቀፎዎቹ ላይ ነው የወደቀው፣ እሱም ከሥሩ አለ።

ደወል ተደወለ፣ የገመድ ቤት ሰዎች መጡ፣ አዛዥ ደርበውም መጣ። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል። ገመዱ ይለቀቃል፤ ታች ያለው ጉዳተኛ በምስክር ፊት «ደረሰ» ካለ ነገሩ አለቀ፣ ባለጋሪው ነፃ ነው። «አልደረሰም» ካለ ግን ጎደሎውን ባለጋሪው በገዛ ራሱ ይሞላዋል፤ ቤቱን ዘግቶ ወርዶ ለጉዳተኛው አገልጋይ ሆኖ ይኖራል፣ ያ ሰው አንድ ቀን «ደረሰ» እስኪለው። ዓመታት የኖሩ አሉ። ደብሪቱ የገመዱን ጥቅል ስታይ የሚደርስ እንዳልሆነ ገባት። እማማ ደጃፍ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ወደ ገደሉ አዘንብለው ነበር። እሳቸውን ማን ያበላቸዋል፣ ማታ ለማን ይጣራሉ ስትል አሰበች።

ገመዱ ተለቀቀ። አንደኛውን እጥፋት አልፎ ትንሽ ወረደና አለቀ። ከንብ አናቢው ጣራ በላይ፣ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም በማይደርስበት ከፍታ ላይ ቃሬዛው በነፋስ ይወዛወዝ ጀመር። ሰው ሁሉ አየው።

«ደረሰ ወይ?» ብሎ ጮኸ አዛዡ።

በሕመም የተቆራረጠ የወንድ ድምፅ ከታች መጣ። «የወደቀው የማን ጋሪ ነው?»

«የጫንያለው ሚስት፣ የደብሪቱ።»

ታች ዝም አለ። ደብሪቱ ያን ዝምታ እስክትሞት አልረሳችውም።

«ደረሰ» አለ ድምፁ። «ሳቡት።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አዛዥ ደርበው ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ቃሬዛው ባዶውን ሲንጠለጠል አይቷል፤ ግን ሕጉ በቃል ነውና ደረሰ ከተባለ ደረሰ ነው። ገመዱን አስጠቀለለ፣ ደብሪቱን እንኳን ፈጣሪ ረዳዎት አላት፣ ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ተበተነ።

ደብሪቱ ቤቷ ገብታ ተቀመጠች። እማማ ውብአንቺ በዳበሳ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ደረሰ?» አሏት።

«ደረሰ አለ።»

«አለ ነው ወይስ ደረሰ?»

እማማ እጇን ያዙና ለሰው ነግረውት የማያውቁትን ነገር ነገሯት። ጫንያለው ገና ሲድህ፣ ከበላያቸው የወደቀ ጋሪ ባላቸውን ደጃቸው ላይ አገኘው። ያኔ ቆላው አፋፍ ነበር የሚኖሩት። ገመድ መጣ፣ የኬላ ገመድ ነበር፣ ከሩቅ ቆመ። ባላቸው ጀርባው ተሰብሮ፣ ያን የገመድ ጫፍ ሲያይ ሲያይ ዋለና ፀሐይ ስትገባ አረፈ። ጫንያለው ሲያድግ ይህን ከሳቸው ሰማ። ሁለተኛ ግን አላነሳውም። ገመድ ሲገምድ ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

«ለእኛ አይደለም የሚለው እንዲያ ነበር» አሏት። «ለሚስቱ ልንገራት ስል እሱ ይናገር ብዬ ተውኩት። አንቺም የኬላውን ወሰድኩ ስትዪኝ ጣትሽን ዳሰስኩትና አንጀቴን በላኝ፣ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔም ነው። በይ ተነሽ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ጆሮ አለኝ። እጠብቅሻለሁ።»

ወጌሻው የሚኖረው ጫፉ ላይ ነው፣ ወርዶም አያውቅም፤ ሰባራ ወደሱ ይመጣል እንጂ እሱ ወደ ሰባራ አይሄድም፣ እንዲያ ነው ወጉ። ደብሪቱ በቅሎዋን ይዛ ደጁ ቆመች። ሽማግሌው ብዙ አጉረመረመ፣ ጉልበቱን አሳያት፣ ገመድ ቤት ምን ሊሠራ ተቀመጠ አላት። እሷ አልተከራከረችውም፤ ከደጁም አልሄደችም። በመጨረሻ እየተሳደበ በቅሎዋ ላይ ወጣ። እሷ ልጓሙን ይዛ በእግሯ መንገዱን ሁሉ እየዞረች አወረደችው። ሲደርሱ ጀንበር አዘቅዝቃ ነበር።

ጋሽ እሸቴ ከተሰባበሩት ቀፎዎች አጠገብ ግንድ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ፊቱ ንብ በልቶት አብጧል፣ አንድ እግሩ ከጭኑ በታች ዞሯል። ወጌሻው አሸው፣ ሳበው፣ በቀርከሃ አሰረው፤ አጥንቱ ግን ሳይታሰር ውሎ ነበርና ቀጥ ብሎ እንደማይገጥም ነገራቸው። ደብሪቱ ውኃ አሞቀች፣ ፊቱን አጠበችው፤ ወጌሻው ዘወር ሲል ጠብቃ ጠየቀችው።

«ገመዱ አልደረሰዎትም። ለምን ደረሰ አሉ?»

ጋሽ እሸቴ ትንሽ አፈረ። «ማታ ማታ ከላይ አንድ ጋሪ ሲጢጥ እያለ ይመጣል» አላት። «ከዚያ አንዲት አሮጊት ‹መጣሽ?› ትላለች። ‹መጣሁ› ትላለች አንዲት ሴት። እኔ እዚህ ብቻዬን ነኝ። ያንን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ልማድ ሆኖብኛል። ስምሽን ከሷ አፍ ነው የማውቀው። አልደረሰም ብዬ አንቺን እዚህ ባመጣሽ፣ አሮጊቷ ለማን ትጣራለች?»

ደብሪቱ ባሏ ሲሞት ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች። ስንት ዘመን ከበላዩ ስትኖር አንድ ቀን ጎንበስ ብላ ማን አለ አላለችም። እሱ ግን ይሰማት ነበር። ከልክ አዛዡ ጥያቄ ሁሉ የከበዳት መንገድ የሚያይልሽ ሰው የለም መባሏ ነበር፤ ይኸው ከእግሯ ሥር ሁለተኛ የሚጠብቃት ነበራት።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ማንም አላዘዛትም። ቀፎ አደሰች፣ ቤቱን ደገፈች። ጋሽ እሸቴ ተኝቶ ሥራ መፍታት አልሆነለትም፤ የጋሪዋን ስብርባሪ ሰብስቦ መንኮራኩሩን ጠግኖ መለሰላት። ዘንጉን ቅባት እንዳታስነካው አደራ አላት። ለምን እንደሆነ አላስረዳትም፣ እሷም አልጠየቀችውም።

የልክ ቀን መጣ። አዛዥ ደርበው እጁን አጣምሮ ቋጠሮ መቁጠር ጀመረ። የወደቀ ደግሞ ይወድቃል ነው ሕጉ፤ በመውደቋ ተጨመረባት። እጥፋቱም አሁን ሰው የወደቀበት ነው፣ የወደቀችው እሷው ብትሆንም፣ ለዚያም ተጨመረ። የኬላው ገመድ ብቻ ካምናው ረጅም ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። እሷ ግን ረጅሙን ነው የምፈልገው አለችው። አዛዡ ደነገጠ።

«እመቤቴ፣ ጣትዎ አይችለውም። ጋሪዎም እንደሆነ ይህን አያወጣም።»

«ለጋሪው አይደለም» አለችው። «ለመግመዱም ሦስት ነን። አማቴ ዓይን ባይኖራቸው ጣት አላቸው፤ ጋሽ እሸቴም አለ።»

አዛዡ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደረሰ። መንገድ የሚያይልዎት ሰው አለ?

«የሚያይልኝ የለም፣ እንደ ሕጉ ጨምሩብኝ። ከበታቼ ግን ሰው አለ። ስለሱ የሚጠይቅ ጥያቄ የላችሁም?»

አዛዥ ደርበው ጣቱን በገመዱ ላይ አመላለሰ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለገ። ለእጥፋት ቋጠሮ አለ፣ ለበቅሎ አለ፣ ለጢም ሁሉ አለ። ለዚህ የለም። «እኔ አይደለሁም፣ ል...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ደጁ ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ከጣራው በላይ የሚያልፈውን መንገድ ለረጅም ጊዜ ሲያይ ሚስቱ አየችው። ምን ሆነሃል ብትለው ከበላያችን የሚነዱት የትኛውን ገመድ ይሆን የያዙት አላት። በሕይወቱ አስቦት አያውቅም ነበር።

ልኩ ተቀየረ ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔ እስከማውቀው አልተቀየረም። ደብሪቱም ጣቷ እስኪላጥ ትገምድ ነበር። ግን አመሻሽ ላይ በሦስተኛው እጥፋት ብታልፉ፣ መንኮራኩሩ ሲጢጥ እያለ ሲመጣ ትሰማላችሁ፤ ከደጃፉ እማማ ውብአንቺ «ደብሪቱ፣ መጣሽ?» ይላሉ። እሷም ድሮ ቀስ ብላ ትመልስ የነበረችው ሴት፣ አሁን ወደ ገደሉ ዞራ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሙሉ ድምፅዋ «መጣሁ!» ትላለች።

ከሁለት እጥፋት በታች አንድ ሰው ይመልስላታል።

«ደረሰ» ይላል።